ከደብረ ታቦር እስከ ዊንዘር፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወት

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ ሊድስ በምትባል ከተማ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ። በምድር ላይ የቆየው ዐሥራ ስምንት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ በአገሩ የኖረው ሰባቱን ዓመት ሲሆን፣ የቀረውን በስደት አሳለፈው።

ውድ አንባብያን፣ የዚህን ልዑል ታሪክ ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። ዘወትር የሚነገረው ግን ከመቅደላ ጦርነት፣ ከተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት፣ በኋላም ከዐፅሙ ይመለስልን ጥያቄ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስበው የወደድነው ያንን ሕፃን ራሱን ነው። ወላጆቹን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ያጣ የሰባት ዓመት ልጅ በአእምሮው ምን ተሸክሞ ባሕር ተሻገረ? በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ከሸክሙ የትኛውን አዩለት፣ የትኛውንስ ሳያዩለት ቀሩ? ዛሬ ከሱዳንም፣ ከኤርትራም፣ ከሌላም አገር ተሰደው ወደ ምድራችን የገቡ ብዙ ልጆች ስላሉ ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ደብረ ታቦርን የየጁው ራስ ጉግሣ እንደ ቆረቈሯት ይነገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ዋና ከተማቸው አደረጓት። ከከተማይቱ ጥቂት ርቃ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሆነው ትልቁ መድፍ የተሠራውም በዚያ ነው። ዓለማየሁ የተወለደው እንግዲህ የመድፉ ምድጃ በሚነድበት፣ የሠራዊቱ ድንኳን በማይታጠፍበት ሰፈር ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት በቴዎድሮስ ድል ሆነው የታሰሩ ሰው ናቸውና የሕፃኑ አያት የአባቱ እስረኛ ነበሩ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ በወላጆቹ መካከል የነበረው ትዳር ሰላም የጐደለው ነበር። ልጁ ግን የንጉሡ ሕጋዊ ልጅ በመሆኑ የዙፋኑ ተስፋ በእርሱ ላይ ነበረ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው፣ መንገድ እየጠረጉ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። የገሳይና የጋይንት ሽማግሎች ስለዚያ መንገድ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ዛሬም ያወጋሉ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። እቴጌይቱና ልጃቸው በዚያን ጊዜ በመቅደላ አምባ ላይ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እየገሠገሠ ነበር።

በዚያ ዓመት የስቅለት ዕለት በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። የትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። በአምባው ላይ በነበረው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በችኰላ ተቀበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም መቅደላ በእሳት ጋየ፤ ሕዝቡም ተበተነ። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት የሞላው አባቱ በሞቱ በዐሥረኛው ቀን ነው።

ሕፃኑ ለምን ከአገሩ እንደ ተወሰደ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው። አባቱ ራሳቸው ለእንግሊዞች አደራ ብለው ነበር የሚሉ አሉ። የቴዎድሮስ ጠላቶች በዙሪያው ስለ ነበሩና የንጉሥ ልጅ በሕይወት መኖሩ ዙፋን ለሚሹት ሁሉ ስጋት ስለ ሆነ፣ ቢቀር ኖሮ ይገደል ነበር የሚሉም አሉ። ይህ ሁለተኛው ምክንያት በዘመኑ ሁኔታ ሲመዘን ባዶ አይደለም። ሆኖም ከአገር መውጣቱ ለሕይወቱ ያስፈልገው ነበር ብንል እንኳ፣ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ግድ ነበር ማለት አይቻልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ይገባል።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ከሚመለሰው ጦር ኋላ ተጓዙ። ቀድሞም ታመው ነበርና ሕመሙ በመንገድ ላይ ጸናባቸው። በግንቦት ወር 1860 ዓ.ም. በትግራይ፣ በሕንጣሎ አቅራቢያ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማቆም ያሻል። ከአባቱ ሞት እስከ እናቱ ሞት ያለው ጊዜ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። የአባቱ አርባ ገና አልወጣም ነበር። በአገራችን ሰው ሲሞት ለቅሶው ይለቀሳል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሐዘንተኛው በእነዚህ ቀኖች ላይ እየተረገጠ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ብቻውንም አይተኛም፤ የሚያስተኛውና የሚያጽናናው ዘመድ ወዳጅ አለ። ይህ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የአእምሮ መድኃኒታችን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዓለማየሁ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ፣ በሚንቀሳቀስ የባዕድ ሠራዊት መካከል፣ ሁለት ሐዘን በአንድ ጊዜ ተሸከመ። ሠራዊቱ ክረምት ሳይገባ ወደ ባሕር ለመድረስ ይቸኩል ስለ ነበር ለሐዘን የሚሆን ቀን አልነበረውም።

የልጁ ጠባቂ ሆነው የተመደቡት ሻምበል ስፒዲ ናቸው። እኚህ ሰው ቁመታቸው ከሰው ሁሉ የረዘመ፣ ጢማቸው ቀይ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ነበሩ። ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር አሠልጥነው ስለ ነበር በአገራችን ባሻ ፈለቃ ይባሉ ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ሞት በኋላ በእኚህ ሰው ላይ ተጣበቀ። ሌሊት ብቻውን መተኛት አይችልም ነበር፤ ይባንናል፣ ይጮኻል፣ ከስፒዲ ጐን ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። በቀንም ከዓይኑ እንዲርቁበት አይፈቅድም። ዛሬ በስደተኞች ሰፈር የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች ይህን ቢሰሙ ወዲያው ያውቁታል። ጦርነት ያየ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ የሚያሳየው ምልክት ይኸው ነውና። የዘመኑ ሰዎች ግን የፍቅር ምልክት ብቻ አድርገው አዩት። ፍቅር መሆኑ እውነት ነው፤ ፍርሃትም ነበር።

ጦሩ ከዙላ በመርከብ ወደ ግብፅ ሲሻገር ከልጁ ጋር የነበሩት ኢትዮጵያውያን አገልጋዮች ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። በመሆኑም በሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሲደርስ ከአገሩ የቀረለት ነገር ቢኖር የስፒዲ አማርኛ ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ወደዱትና እንዳዘኑለት በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። በዚያው ወር ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባሉት የታወቁ ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን በአገሩ ልብስ አንሥተውታል። ያንን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ፊቱን አይረሳውም። ዓይኖቹ ወደ ካሜራው ቢመለከቱም ሌላ ቦታ ያሉ ይመስላሉ።

ቀጥሎ የመጡት ሦስት ዓመታት ከስደት ዘመኑ ሁሉ የተሻሉት ናቸው። ስፒዲ አገቡና ልጁ ባልና ሚስት ባሉበት ቤት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1869 ስፒዲ በህንድ አገር በፖሊስ ሹመት ሲመደቡ ዓለማየሁም አብሮ ሄደ። በሲታፑር ከተማ ፈረስ እየጋለበ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር በሚያውቀው ቋንቋ እየተነጋገረ ኖረ። የሌሊቱ ፍርሃትም እየቀለለው ሄደ። ከአገር ቤት ደግሞ የእናቱ እናት፣ ወይዘሮ ላቂያዬ፣ የልጅ ልጃቸውን ናፍቆት በደብዳቤ ይገልጹ ነበር፤ ለንግሥቲቱም ጽፈዋል። አስታዋሽ ዘመድ የሌለው ልጅ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የንጉሥ ልጅ በህንድ አገር በፖሊስ ሹም ቤት ሊያድግ አይገባም፣ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከስፒዲ እንዳይለይ ይሹ ነበር። ልጁም አልቅሶ ለመነ። ሆኖም ውሳኔው ጸና። ዓለማየሁ በዐሥር ዓመቱ ገደማ ሦስተኛውን ወላጁን አጣ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለልጁ ጥሩ ትምህርት፣ ጥሩ ቤት፣ በቂ ገንዘብ መድበውለታል። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ያ ልጅ ቆሞ የሚሄደው በአንድ ሰው ላይ ተደግፎ መሆኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጦርነት፣ ብዙ ስደት ታይቷል። ስለ ስደተኛ አእምሮ የተገኘው ዕውቀትም በብዙ ዋጋ የተገዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ጦርነት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች የዕርዳታ ተቋማት በጋራ አንድ መመሪያ አውጥተዋል። የመመሪያው አሳብ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ በሚሄድ ቤት ይመሰላል። መሠረቱ ሁሉም ሰው ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት በክብር እንዲያገኝ ነው። ከዚያ በላይ ቤተ ሰብን ማገናኘት፣ ሐዘንን በየባህሉ ማክበር፣ ጎረቤትነትን መመለስ ይመጣል። ከዚህም በላይ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞችና አማካሪዎች የሚሰጥ እርዳታ አለ። ጫፉ ላይ፣ ለጥቂቶቹ የጸና ሕመም ላለባቸው፣ የአእምሮ ሐኪም ሕክምና ይገኛል።

የዓለማየሁን ሕይወት በዚህ ቤት ብንመዝነው መሠረቱ ከሞላ በላይ ሞልቷል። የንግሥት እንግዳ የሆነ ልጅ ምን ይጐድለዋል? ሁለተኛው ደርብ ግን ፈርሶበታል። ቤተ ሰቡ፣ ቋንቋው፣ የሐዘኑ ሥርዓት፣ ከአያቱ ጋር የነበረው ክር፣ በመጨረሻም የተጠጋው ሰው፣ እያንዳንዱ በየተራው ተወሰደበት። ይህ ከጠፋ በኋላ ያማረ ቤት ብቻውን ልጅን አያድንም።

በአገራችን አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች ተጠልለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከትግራይ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሰሜን ጎንደር፣ በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ ሠፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል የገቡትም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የተጠለሉበት ሰፈር ራሱ ሰላም አጥቶ ዳግመኛ ለመሸሽ ተገደዋል። የእኛው ወገኖችም ቢሆኑ ይህን አያውቁትም ማለት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ውጊያው ጋይንት በደረሰ ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በገሳይ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ጐርፈዋል። በዚያን ወቅት በየቤቱ ያስጠጋ፣ እንጀራ የጋገረ፣ የሕፃኑን ለቅሶ ሌሊት የሰማ ሰው፣ ስለ ሁለተኛው ደርብ የምንናገረውን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ሐኪሞቹ ጥቂቶች ናቸው። የአማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። አሁን በየክልሉ የሠለጠኑ ነርሶችና ሐኪሞች ቢኖሩም፣ ለስደተኛው ቋንቋውን የሚያውቅ አማካሪ ማግኘት አሁንም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ብዙ ሥራ የሚሠራው ከስደተኛው ማኅበረ ሰብ ውስጥ በተመረጡና በሠለጠኑ ሰዎች ነው። የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት በአዲስ አበባ በሚገኘው የስደተኞች ማዕከሉና በትግራይ በማይ ዓይኒ መጠለያ ምክርን፣ ሙዚቃን፣ ስፖርትንና ትምህርትን አንድ ላይ አድርጎ የሰጠው በዚሁ አሳብ ነው። በነገራችን ላይ ይህን አገልግሎት አባ ፔድሮ አሩፔ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1980 ነው፤ ዓለማየሁ በሞተ በመቶ አንደኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ግን ልብ ይነካል።

ካቴኪስቶቻችን በዚህ ረገድ ምን ድርሻ አላችሁ ቢባል፣ ሐኪም ሁኑ የሚላችሁ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ ዕርዳታ መመሪያ ማየትን፣ መስማትንና ማገናኘትን ብቻ ይጠይቃል። ሰውየው ምን እንደሚያስፈልገው ማየት፣ ሊናገር የወደደውን መስማት፣ ከዚያም ከዘመዱ፣ ከጤና ጣቢያው፣ ሊረዳው ከሚችል ሰው ጋር ማገናኘት ነው። የደረሰበትን ሁሉ እንዲተርክ ማስገደድ ግን አይገባም፤ ያልተጠገነ ቁስል መነካካት ሕመሙን ሊያብሰው እንደሚችል ታውቋል። እንቅልፍ ያጣውን፣ ከሰው የራቀውን፣ ምግብ እንቢ ያለውን፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስበውን ሰው ደግሞ እምነትህ ጐድሎ ነው ብሎ መገሠጽ ትልቅ ጉዳት ነው። ጸሎትም፣ ጠበልም፣ መድኃኒትም በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ለሕመምተኛው እየጸለዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ወደ ልዑሉ ሕይወት እንመለስ። ዓለማየሁ በቼልተንሃም ኮሌጅ ዲሬክተር በነበሩት በዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና ኃላፊ ሲሆኑ አብሯቸው ወደዚያ ተዛወረ። የትምህርት ቤት ዘመኑን በዝርዝር ማተት አያስፈልግም። በጨዋታና በስፖርት ከጓደኞቹ ጋር ተስማማ፤ መጽሐፍ ግን አልሆነለትም። መምህራኑ ስንፍና አድርገው ሳይቆጥሩት አልቀሩም። በዘመናችን ግን ብዙ ሐዘን ያለበት ልጅ አሳቡን መሰብሰብ እንደሚያቅተው መምህር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ሆኗል። በቤቱ ውስጥ በአማርኛ የሚያነጋግረው ሰውም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1878 በሳንድኸርስት የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደረገ። ያ ቦታ አልተስማማውም፤ ደስታም አላገኘበትም። በማግሥቱ ዓመት ተወውና በራግቢ አስተማሪው ወደ ነበሩትና በዚያን ጊዜ በሊድስ ኮሌጅ ያስተምሩ ወደ ነበሩት ወደ ሲሪል ራንሰም ቤት ሄደ። ስደተኛ ልጅ በጭንቅ ጊዜ ወደሚያውቀው ሰው ይሸሻል፤ ዓለማየሁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በገባ በሳምንቱ በሳንባ ሽፋን ብግነት ታመመ።

ሕመሙ ስድስት ሳምንት ቆየ። ካስታመሙት አንዱ ዶክተር ክሊፈርድ ኦልበት ነበሩ። እኚህ ሰው እስከ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናውቀውን አጭሩን የሰውነት ሙቀት መለኪያ የፈለሰፉ የታወቁ ሐኪም ናቸው። የሚያስገርመው ነገር በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ምርምር አድርገው ስለ ነርቭ ሕመም መጽሐፍ መጻፋቸው ነው። ከዚህ የተሻለ ሐኪም በዚያ ዘመን አይገኝም ነበር። ወጣቱ ግን በሕመሙ መካከል መርዝ አብልተውኛል ብሎ ጠረጠረ፤ ምግብና መድኃኒትም አልቀበልም አለ። ጥርጣሬው የትኩሳት ቅዠት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚወስደውም፣ የሚያስቀምጠውም፣ የሚያሳድገውም ሌላ ሰው የነበረ ልጅ፣ ፈቃዱ ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ፣ በመጨረሻ ሕመሙ የሚታመን እጅ ቢያጣ ምን ያስደንቃል? የሳንባውን ሕመም የሚያውቁ ሐኪሞች በአልጋው ዙሪያ ነበሩ። በእናቱ ቋንቋ አይዞህ የሚለው ግን አንድም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ጠዋት ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በየጊዜው ስለ ጤናው ይጠይቁ ነበርና ዜናው እጅግ አሳዘናቸው። በዕለት ማስታወሻቸው ላይ በባዕድ አገር አንድ የእኔ የሚለው ዘመድ ሳይኖረው መሞቱን፣ ሕይወቱም ደስታ የራቀው እንደ ነበረ፣ ሰዎች በቆዳው ቀለም የተነሣ ትኵር ብለው የሚያዩት እየመሰለው ይሳቀቅ እንደ ነበር ጽፈዋል። ይህን የጻፉት ከማንም ይልቅ ያዘኑለት ሴት ናቸው። ነገሩን ተረድተውት ነበር፤ መረዳቱ ግን ልጁ ከሞተ በኋላ በጽሑፍ ሰፈረ።

በትእዛዛቸውም አስከሬኑ ወደ ዊንዘር ተወስዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ባለው ከመሬት በታች በሆነ መቃብር ተቀበረ። ሥርዓቱ የተፈጸመው በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1879 ነው።

ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስ ደጋግማ ጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዚያ የተቀበሩትን የብዙ ሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳያውኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ግን የሻምበል ስፒዲ ቤተ ዘመዶች በቤታቸው ተጠብቆ የኖረውን የልዑሉን የፀጉር ቁንጮ በለንደን ለኢትዮጵያ ተወካዮች አስረክበዋል። ልጁ አልቅሶ የተለየው ቤት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ከእርሱ የቀረውን አልጣለም ነበር።

በዊንዘር ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጡለት የነሐስ ጽላት ዛሬም ይታያል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ተጽፎበታል። ከሥሩም ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል ከተናገረው ቃል አንዱ ተቀርጿል።